ከጀማሪው ገመድ ፊት

ዌንድልስቢ፣ ማርች 3 ቀን 1986 እ.ኤ.አ.

ለውድ አጎቴ ለጊልበርት፣

የደሴቱ ነፋስ ባርኔጣዎን ነጥቆ ባሕር ውስጥ እንደ ጣለው ልጅዎ ሲቢል ጽፋልኝ ብቻዬን ስስቅ፣ ቴምብር ሊገዛ ከምሠራበት ፖስታ ቤት የገባው ሰው ያበድኩ መሰለው። ዳሌዎ እየጠናልዎት መሆኑን በመስማቴ ደስ ብሎኛል። እኔም ደህና ነኝ፤ ብርዱም ጋብ ብሏል።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። በየደብዳቤዎ ደወሎቹ እንዴት ናቸው እያሉ ሲጠይቁኝ እኔ ስለ አየር ጠባይና ስለ ዘቢብ ዳቦ ስቀባጥር ከርሜያለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። እርስዎ ኦርክኒ ደሴት ልጅዎ ዘንድ ከሄዱ ወዲህ ለስድስት ደወል የቀረነው አራት ሰዎች ነን። እኔ፣ ሥጋ ሻጩ ካትበርት፣ የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ የምትነዳው ፊሊስና ሄክተር። ባለፈው ወር የሰበካ ጉባኤው ገንዘብ ያዥ ዴዝመንድ የአንድ ማሽን ሥዕል ይዞ መጣ። ደወሎቹ ሳይንቀሳቀሱ በኤሌክትሪክ መዶሻ የሚመቱበት ነው። «ቁልፉን ተጭናችሁ ወደ ቁርሳችሁ መመለስ ነው» አለን። ዓመቱን ሙሉ አፉን የማይከፍተው ሄክተር ተነሥቶ «ሬሳ በጥፊ እንደ መቀስቀስ ነው» አለና ተቀመጠ።

ቄሱ መሐል ገብተው አስታረቁን። በጰራቅሊጦስ ጠዋት ስድስት የመንደሩ ነዋሪዎች ስድስቱን ደወሎች ለሩብ ሰዓት በሥርዓቱ ከደወሉ ማሽኑ ይቀራል። ካልሆነ በማግስቱ ይታዘዛል።

ፖስታ ቤቱ በር ላይ ማስታወቂያ ለጠፍኩ። አጎቴ፣ ስምንት ሰው መጣ! የመድኃኒት ቤቷ አጋታ፣ ገበሬው ላይነል፣ ደግሞ ራሱ ዴዝመንድ። «የምንሽረውን ነገር ማወቅ አለብኝ» ይላል። ደስታዬ ግን ሁለት ሳምንት አልቆየም። ስምንት ሰው ለብቻዬ አስተምሬ እስከ ጰራቅሊጦስ አልደርስም። ካትበርትና ፊሊስ እንዳይረዱኝ ደግሞ አያቴ በእጃቸው ጽፈው ግድግዳው ላይ የሰቀሉት ሕግ አለ፤ ከደወል ቤቱ አለቃ በቀር ማንም ከጀማሪ ገመድ ፊት አይቆምም። አለቃው አሁንም እርስዎ ነዎት፤ እኔም ብሆን በውክልና ነው። ካትበርት «ጊልበርት በቃሉ ካልፈቀደ እኔ ሞቼ ነው» ብሏል።

የደዋዮች ማኅበራችን ደወል ማስተማርን የሚያስተምር የሁለት ቀን ሥልጠና አዘጋጅቷል። እኔ ልሂድና ልማር፤ ተመልሼ ካትበርትንና ፊሊስን አስተማሪ ላድርጋቸው። የምለምንዎት አንድ ቃል ብቻ ነው፦ ይፈቀድ።

ማቪስ


ኦርክኒ፣ ማርች 12 ቀን 1986

ማቪስዬ፣

ሲቢል ሰላም ብላሻለች። አዲስ ባርኔጣ ገዝታልኛለች፣ ከአገጭ ሥር የሚታሰር። የሕፃን ልጅ አስመስሎኛል።

ደወል ማስተማርን የሚያስተምር ሥልጠና! ከዚያ ደግሞ አሠልጣኞቹን የሚያሠለጥኑ ይመጣሉ፤ ከዚያም እነሱን የሚያሠለጥኑ። ደወሉን የሚስበው ማን ሊሆን ነው? እኔ አንቺን ያስተማርኩሽ በማን ሥልጠና ነው? በጩኸት ነው ያስተማርኩሽ፤ ይኸው ቀጥ ብለሽ ወጣሽ። በጩኸቴ የሸሹም አሉ፣ አልክድም። የሸሸ ሰው ግን አንገቱ አልተሰበረም።

ስለ ፊሊስ ልንገርሽ። አውቶቡስ መንዳቷን አደንቃለሁ። ደወል ከጀመረች ግን ገና ሁለት ዓመቷ ነው። በሬ የሚያህል ነሐስ ከራሱ በላይ የሚያሽከረክር ሰው ፊት የምትቆም ሴት ሕይወት በእጇ ነው ያለው። አባቴ ያን ሕግ የጻፉት ለጌጥ አይደለም። ገመዱን በጊዜ ያልለቀቀ ሰው ወደ ላይ ተስቦ ጣሪያው ላይ ተላትሞ ሲወድቅ በዓይናቸው ስላዩ ነው። እኔም እዚያ ነበርኩ፤ ድምፁ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ስለዚህ መልሴ አይሆንም ነው። አትቀየሚኝ።

አጎትሽ ጊልበርት

በእውነት ስምንት ሰው መጣ?


ዌንድልስቢ፣ ማርች 24 ቀን 1986

ለውድ አጎቴ፣

አዎ፣ ስምንት። አሁን ግን ስድስት ናቸው፤ ሁለቱ ትተውኛል። ለምን እንደ ተዉኝ ደግሞ ያወቅሁት ሥልጠናው ላይ ነው። ዓይኔን በጨው አጥቤ ሄጃለሁ! አስተምሪ ብለው አልፈቀዱልኝም እንጂ አትማሪ አላሉኝም። ይቆጡኝ፣ ግን እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

የመጣነው ሁሉ ዕድሜያችንን ሙሉ ስንደውል የኖርን ነን፤ አንዳንዱ ደረቱን ነፍቶ ነው የመጣው። አሠልጣኛችን ወይዘሮ ዊኒፍሬድ የምትባል አጭር ሴት ናት። ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳትሰጠን «እጃችሁን አገላብጡ» አለችን። ገመዱን ስትይዙ ከላይ የሚውለው እጅ ከታች፣ የታቹ ከላይ ይሁን ማለቷ ነው። ቀላል መሰለኝ። አጎቴ፣ በአንዴ ጀማሪ ሆንኩ! ገመዱ መቼ እንደሚመለስ፣ መቼ እንደሚለቀቅ ጠፋኝ። ሱፍ የተጠለፈበት ወፍራሙ የገመዱ ክፍል አፍንጫዬ ሥር ሽው ብሎ ሲያልፍ ፈዝዤ አየሁት። አንድ ሽማግሌ «አርባ ዓመት ደውዬ!» እያሉ ይስቁ ነበር፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። ያስተማርናቸው ሰዎች ምን ሲሰማቸው እንደ ነበር ያን ቀን ገባን።

ከዚያ በየተራ አንዱ እጁን አገላብጦ ጀማሪ ሲሆን ሌላው ከፊቱ ቆሞ ያስተምራል። ተራዬ ደረሰ። ጀማሪዬ ትንሽ ሲዛነፍ እጄ ሳላዘው ገመዱን ቀማው። አሁንም ሲዛነፍ አሁንም ቀማሁት። ወይዘሮ ዊኒፍሬድ መጥታ አጠገቤ ቆመች። «እሜቴ፣ ደዋዩ ማን ነው? አንቺ ነሽ እሱ?»

«እንዳይጎዳ ብዬ ነው» አልኳት።

«አደጋ ሲመጣ ግቢ። ስህተት ግን አደጋ አይደለም። ስህተቱን ተይለት፤ የራሱ ነው።»

ፊቴ ቲማቲም መሰለ። ሁለቱ ለምን እንደ ተዉኝ ያኔ ገባኝ። አንድ ጊዜ እንኳ ራሳቸው ደውለው አያውቁም፤ የደወልኩት እኔ ነበርኩ።

ቤት እስክደርስ አውቶቡሱ ውስጥ እጄን በባዶ አየር ላይ ሳገላብጥ መጣሁ። እንዲህ ደስ ካለኝ ስንት ዓመቴ!

ማቪስ


ኦርክኒ፣ ኤፕሪል 2 ቀን 1986

ማቪስ፣

ለፋሲካ የላክሽው ዘቢብ ዳቦ ደርሷል። ሲቢል ግማሹን ጨርሳ አይጥ ነው አለችኝ።

መቆጣቴን አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ወረቀት አላጠፋበትም። መልሴም ያው ነው። ለማወቅ ያህል ብቻ ልጠይቅሽ። ሴትዮዋ ጀማሪው ወደ ላይ ቀና ብሎ ገመዱን ሲከተል ምን በሉት አለች? እኔ «ወደ ላይ አትይ!» ብዬ ስጮህ ሁሉም ቀና ነበር የሚሉት። ደግሞስ ሱፉን ጭራሽ አልለቅ ለሚለው ሰው ምን መላ አላት? ቁመቱ አጭር ለሆነስ?

እዚህ ደሴት ላይ ደወል የሚያሽከረክር ሰው የለም። ካለሁበት ወንበር ተነሥቼ የመጋረጃውን ገመድ ስስብ ሲቢል አግኝታኛለች፤ እጄን አገላብጬ ነበር። ልክ ነሽ፣ ያምታታል።

ይህ ግን ፈቃድ አይደለም።

ጊልበርት


ዌንድልስቢ፣ ኤፕሪል 21 ቀን 1986

ለውድ አጎቴ፣

ለመልሴ መዘግየት ይቅርታ። አስቀድሜ ልንገርዎት፤ ሁላችንም ደህና ነን፣ ማንም አልተጎዳም። ይህን ያስቀደምኩት ከታች የሚመጣውን ሲያነቡ እንዳይደነግጡ ብዬ ነው።

ቀና ስለሚለው ሰው የጠየቁኝ፣ መላው ቀላል ነው። ወደ ላይ አትይ አይሉትም፤ «ፊቴን እየኝ» ይሉታል። ሱፉን አልለቅ የሚለውን መጀመሪያ የገመዱን ጫፍ ብቻ ያስይዙታል፤ ሱፉን እርስዎ ይይዙለታል። ለአጭሩ ሰው ሳጥን ነው።

አሁን ወደ ጉዴ ልግባ። ካትበርትንና ፊሊስን ማሠልጠን ጀምሬያለሁ። ቆይ፣ አይጩሁ! ሕጉ ከጀማሪ ፊት አይቆምም ነው የሚለው። ካትበርት ሃምሳ ዓመት ደውሏል፤ ጀማሪ ነው የሚል ይኖራል? ስለዚህ እሱ እጁን አገላብጦ ጀማሪ መሰለ፣ ፊሊስ ከፊቱ ቆመች። ሕግ አልተጣሰም። አያቴ በሕይወት ቢኖሩ ይስቁ ነበር።

ታዲያ ካትበርት ጀማሪነቱን ከልቡ ያዘው። ይጎትታል፣ ይንተፋተፋል፣ «ወይኔ እናቴ» ይላል። ፊሊስም እጆቿን ከገመዱ አጠገብ አድርጋ፣ ሳትነካው፣ «ጎበዝ፣ ፊቴን እየኝ፣ ቀስ» ትለዋለች። በኋላ ግን ቀልዱ ቀልድ መሆኑ ቀረ። እጁ እውነትም ተምታቶበት ከመጠን በላይ ጎተተ። ደወሉ አፉን ወደ ላይ አድርጎ ሲቆም ከመገልበጥ የሚይዘው ማቆሚያ እንጨት ከላይ ቀው ብሎ ተሰበረ። ገመዱ ወደ ጣሪያ መንጎድ ሲጀምር ካትበርት፣ ሃምሳ ዓመት የደወለው ካትበርት፣ ሙጭጭ አድርጎ ያዘው።

ፊሊስ ገመዱን አልነካችም። «ልቀቅ!» አለችው። በዚያ አውቶቡስ ውስጥ አርባ ልጅ ዝም በምታሰኝበት ድምፅ። ለቀቀ። ገመዱ እየተገረፈ ጣሪያው ድረስ ወጣ፤ የካትበርት እግር ግን መሬት ላይ ቀረ። ቁጭ ብሎ ሳቀ፣ ከዚያ አለቀሰ፣ ከዚያ ሁላችንም ቢራ ቤት ገባን።

እኔ በሩ አጠገብ ነበርኩ። እውነቱን ልንገርዎት፤ በፊሊስ ቦታ ብሆን ገመዱን እቀማ ነበር።

ማቪስ


ኦርክኒ፣ ኤፕሪል 29 ቀን 1986

ማቪስዬ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ለሲቢልም ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ ካትበርት ወይኔ እናቴ ያለበት ላይ ስደርስ የምትሠራውን ሹራብ ጥላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ገመዱ ሲነጉድ ታየኝ።

እኔስ ምን አደርግ ነበር ብዬ አሰብኩ። እኔም እቀማ ነበር። ያኔ ሁለታችንም ጣሪያው ላይ ነበርን፣ ካትበርትም እኔም፣ እንደ ሁለት ቋሊማ ተንጠልጥለን። አባቴ የፈሩት አደጋ መጣ፤ ያዳነችው ደግሞ እኔ አውቶቡስሽን ንጂ ያልኳት ሴት ናት።

እንግዲህ በቃሌ፣ በእጄ ጽሑፍ፣ ለካትበርት አሳዪው። ካትበርትና ፊሊስ ከጀማሪ ገመድ ፊት ይቁሙ። ይፈቀድ።

አዲስ ማቆሚያ እንጨት ጠርቤ በፖስታ ልኬያለሁ። ሲቢል ሳሎኑን በፍቅፋቂ ሞላኸው ብላ አኩርፋለች። አሁን ስንት ሰው ደረሰልሽ? የማሽኑ ሰውዬስ?

ጊልበርት


ሊንከን ከተማ፣ ሆስፒታል፣ ሜይ 10 ቀን 1986

ለውድ አጎቴ፣

አድራሻውን አይተው እንዳይደነግጡ። ትርፍ አንጀቴ ነው፤ ሐሙስ ሌሊት በቀዶ ጥገና ወጣልኝ። ደህና ነኝ፤ ስስቅ ብቻ ያመኛል። ሐኪሙ ግን እስከ ጰራቅሊጦስ ከዚህ አልጋ አትነሺም ብሎኛል። ደወል መሳብማ እስከ መከር አይታሰብም።

አጎቴ፣ ሁሉ ነገር ደርሶ ነበር እኮ! ፈቃድዎ የመጣ ዕለት ካትበርት የተሾመ ያህል ተኩራርቶ ላይነልን ያዘ፣ ፊሊስ አጋታን። አጋታ አሁን አምስተኛውን ደወል እየዘፈነች ነው የምትስበው። ላይነልም ደርሷል። እነሱ ሁለት፣ እኛ አራት፣ ስድስት ሞላን ብዬ ፖስታ ቤት ውስጥ ጨፍሬያለሁ። አሁን እኔ ስወጣ አምስት ናቸው። የቀሩት ጀማሪዎች ገና የገመዱ ጫፍ ላይ ናቸው፤ ትንሽ ፈቅ ያለው ዴዝመንድ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ... ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ግን እጁና ልቡ አይተዋወቁም።

መቶ ጊዜ እለምንዎታለሁ፣ ለቄሱ ይጻፉላቸው። ለአንድ ወር ያራዝሙልን። የእርስዎን ቃል እምቢ አይሉም። ማሽኑ ከገባ በኋላ ማንም እነዚያን ደረጃዎች አይወጣም። አጋታ እንኳ ትተወዋለች። ሆድ ብሶኛል።

ማቪስ


ዌንድልስቢ፣ ሜይ 14 ቀን 1986

ማቪስዬ፣

አዎ፣ በትክክል ነው ያነበብሽው፤ ዌንድልስቢ ነኝ። በመርከብም በባቡርም መጣሁ። ሲቢል ጣቢያው ድረስ እየተሳደበች ሸኘችኝ፤ ባርኔጣውንም አሰረችልኝ።

ለቄሱ አልጻፍኩም፣ አልለመንኩምም። አንድ ወር ከተራዘመ በሚቀጥለው ወር ደግሞ የአንዱ ላም ትወልዳለች።

ስድስተኛው እኔ እንዳልሆን የመንደሩ ነዋሪ አይደለሁም፤ ዴዝመንድ ራሱ ትንሽ አፍሮ ነው የነገረኝ። እንግዲያው አንተ ስድስተኛ ትሆናለህ አልኩት። «እኔ? እኔ እኮ ማሽኑን ያመጣሁት ሰው ነኝ» አለ። ታዲያ ና አልኩት።

ገመዱ ፊት ልቆም ስል ፊሊስ ክንዴን ያዘችኝ። «ጋሽ ጊልበርት፣ እርስዎ ሥልጠናውን አልወሰዱም።»

«እኔ? የደወል ቤቱ አለቃ?»

«አለቃም ቢሆኑ። መጀመሪያ እጅዎን ያገላብጡ።»

ካትበርት ጥግ ላይ ቆሞ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። አገላበጥኩ። ከሦስተኛው ስበት በኋላ ገመዱ ጺሜን አጨደልኝ። ከዚያ እሷ ጀማሪ መሰለች፣ እኔ ከፊቷ ቆምኩ። ቀማኋት። «እጅ!» አለችኝ። ደግሞ ቀማኋት። «እጅ፣ ጋሽ ጊልበርት!» ለመምታት ቃጥቷት ነበር። እስኪመሽ ድረስ አላሳለፈችኝም። ነገ ዴዝመንድን ትሰጠኛለች፣ ጠባይ ካሳመርኩ።

ጊልበርት


ሊንከን፣ ሆስፒታል፣ ሜይ 16 ቀን 1986

ለውድ አጎቴ፣

ደብዳቤዎን ሳነብ ስፌቴ ሊበጠስ ነበር። ነርሷ ሮጣ መጣች።

ግን አጎቴ፣ ዴዝመንድ አይሆንም! ቢሆንም እንኳ ትንሿን ደወል እንዳይሰጡት፣ ትፈጥንበታለች። ሁለተኛዋን ይስጡት። ሄክተር ከቀኙ ይቁም። ላይነል ሲደነግጥ ይቸኩላልና ካትበርት በዓይኑ ይጠብቀው። አጋታ ደግሞ ከመጀመሯ በፊት...

ተውት። ምንም አላልኩም። የሚሆነውን ፊሊስ ታውቃለች፣ እርስዎም ያውቃሉ። እሑድ ጠዋት በአራት ሰዓት እጄን ብርድ ልብሱ ሥር ከትቼ እተኛለሁ። ከባዱን ነገር ነው የማደርግልዎት፣ ይወቁልኝ።

ማቪስ


ዌንድልስቢ፣ ሜይ 18 ቀን 1986፣ የጰራቅሊጦስ ዕለት

ለእህቴ ልጅ ለማቪስ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ስፌቱ እንዴት ነው? ምግብ ይሰጡሻል? እኔ ዳሌዬ ደህና ነው። ዛሬ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ሣሩም ታጭዷል። ቄሱ አዲስ ጫማ...

እሺ፣ እሺ። ደብዳቤውን ልትቀዳድጂብኝ ነው።

ተደወለ! ማቪስዬ፣ ስድስቱም ተደወሉ! ከአራት ሰዓት እስከ አራት ከሩብ፣ ሙሉውን። ካትበርት፣ ፊሊስ፣ ሄክተር፣ ላይነል፣ አጋታና ዴዝመንድ። እያንዳንዱ ደወል በተራው፣ እየጠራ። መንደሩ በሙሉ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ቆሞ ወደ ላይ ያይ ነበር አሉኝ። እኔ አላየኋቸውም፤ የቆምኩት ዴዝመንድ ፊት ነበር።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ከዚያ አብረን እንረሳዋለን። መሐል ላይ ዴዝመንድ ተሳሳተ። ገመዱ ላላበት፣ ደወሉ ዘገየ፣ ፊቱ አመድ መሰለ። ሌሎቹ አምስቱ መንገዳገድ ጀመሩ። ሩብ ሰዓቱ እዚያው ሊቋረጥብን ነበር። እጄ ተነሣ። ፊሊስ የራሷን ገመድ እየሳበች በገመዶቹ መሐል አየችኝ። አደጋ ነው ስህተት? ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ስህተት ነበር። እጄን መለስኩ። «ፊቴን እየኝ» ብቻ አልኩት፣ በለሆሳስ፤ እኔ ጊልበርት፣ በለሆሳስ። አየኝ፣ ተነፈሰ፣ ራሱ ሳበው፣ ራሱ ቦታው ገባ። ማንም አልነካለትም። ሲገባ የሰማሁትን ድምፅ በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም፤ ስንቱን ሳስተምር ኖሬ ሁልጊዜ እጄ ገመዱ ላይ ስለ ነበር።

ሲያልቅ ዴዝመንድ ገመዱን አልለቅ ብሎ ቆሞ ቀረ፤ ጉንጩ እርጥብ ነበር። ከዚያ ጉባኤው ፊት ወርዶ ማሽኑን ያቀረብኩት እኔ ነኝ፣ የማነሣውም እኔ ነኝ አለ። ወዲያው ዞሮ ልምምዱ ማክሰኞ ነው ረቡዕ ብሎ ጠየቀኝ። ሦስት አዳዲስ ሰዎችም ስማቸውን ሰጥተዋል።

አንቺ እንደሌለሽ ሁሉም አስታውሷል፤ አጋታ ለማቪስ ብላ ጮኻለች። ግን አልዋሽሽም፣ ያለ አንቺ ሄደ። ያለ እኔም ሄደ። ባለፈው መኸር መርከብ ላይ ስሳፈር፣ እኔ ስሞት ይህ ደወል ቤት ይዘጋል ብዬ ነበር የሄድኩት፤ ለማንም አልነገርኩም። ዛሬ ከዚያ ገመድ ፊት እጄን ይዤ ቆሜ እንደማይዘጋ አወቅሁ። ደስ ብሎኛል፣ ልጄ። እንደ ልጅ ነው ደስ ያለኝ።

ወደ ሲቢል የምመለሰው በሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ ማክሰኞ ፊሊስ ሁለት ጀማሪዎች ሰጥታኛለች። ከኋላዬ ቆማ ልታየኝ ነው፣ ገና አላመነችኝም።

አጎትሽ ጊልበርት፣
የፊሊስ ተማሪ